«አንቲኦክሲደንት የበላ ሰው ኮሌስትሮል አያሰጋውም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ከላይ በርዕሱ የተጠቀሰው ጽሑፍ ብዙ ሰው ተቀባብሎታል። ፍሬ ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ ኮሌስትሮል በራሱ አይጎዳም፣ የሚጎዳው ኦክሳይድ ሲሆን (ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ሲለወጥ) ብቻ ነው፤ በአትክልትና በፍራፍሬ ውስጥ ያሉት አንቲኦክሲደንቶች ደም ውስጥ ገብተው ይህን ያስቆማሉ፤ ምግቡ ካልበቃ የቫይታሚን ኢ እንክብል ይጨመርበት፤ አትክልት ሲበስል ጥቅሙን ስለሚያጣ ጥሬውን ብሉት ወይም ጨምቃችሁ ጠጡት፤ ይህን ያደረገ ሰው ስለ ኤል ዲ ኤል (ኮሌስትሮልን በደም ተሸክሞ የሚዘዋወረው ቅንጣት) ቁጥሩ አይጨነቅ፣ መድኃኒቱንም ቢተው ይችላል።

አትክልት ብሉ በሚለው ምክር አንጣላም። የምንጣላው ምክሩ ከቆመበት ምክንያትና ምክንያቱ ካመጣው መደምደሚያ ጋር ነው። የዕፅዋት ምግብ ልብን ይጠብቃል፤ የሚጠብቅበት ዋናው መንገድ ግን ጸሐፊው የነገሩን አይደለም። መንገዱን የሳተ ሰው ደግሞ ምን ያህል እንደሚበላ፣ እንዴት እንደሚያዘጋጅና ምግብ ብቻውን የማይበቃው መቼ እንደሆነ መለየት አይችልም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«ኮሌስትሮል ጠላት አይደለም፤ ጠላቱ ኦክሲዴሽን ነው»

ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሹ ከየት እንደተወሰደም ይታወቃል። በ1979 ጆሴፍ ጎልድስታይንና ማይክል ብራውን ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው አንድ ነገር አሳዩ፦ ማክሮፌጅ የሚባሉት የሰውነት ተከላካይ ሴሎች ያልተለወጠ ኤል ዲ ኤልን እምብዛም አይወስዱም፣ በኬሚካል የተለወጠውን ግን ያለ ልክ ይውጣሉ። በኋላ በሳንዲያጎ የዳንኤል ስታይንበርግ ቡድን ይህን ለውጥ በሰውነት ውስጥ ሊያመጣ የሚችለው ኦክሲዴሽን ነው የሚለውን ሐሳብ አደራጀ፤ በ1989 ባወጡት ጽሑፍም ሐሳቡ በዓለም ታወቀ። ጸሐፊው የተመረኮዙት በዚህ ነው። ያልነገሩን ነገር ቢኖር ስታይንበርግ ራሳቸው በ1984 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የደም ኮሌስትሮል ይቀነስ ብለው የወሰኑበትን ጉባኤ በሊቀ መንበርነት የመሩ ሰው መሆናቸውን ነው። የኦክሲዴሽኑ አባት ቁጥሩን ናቁት አላሉም።

ለምን እንዳላሉ ግልጽ ነው። ኤል ዲ ኤል የሚለወጠው የደም ቅዳ ቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ገብቶ እዚያው ሲያዝ ነው። ስንቱ እንደሚገባ የሚወስነው በደም ውስጥ የሚዘዋወረው የቅንጣት ብዛት ነው። ኤል ዲ ኤልን ከደም በማንሣት ረገድ ጉድለት ያለበትን ጂን ከእናትም ከአባትም የወረሱ ልጆች ኤል ዲ ኤላቸው ብዙ ጊዜ በዴሲሊትር ከ500 ሚሊግራም ያልፋል፤ ካልታከሙ ሃያ ዓመት ሳይሞላቸው ሃርት አታክ ሊያገኛቸው ይችላል። ተቃራኒውም አለ። ፒሲኤስኬ9 የተባለው ጂን አንዱ ቅጂ የማይሠራባቸው ጥቁር አሜሪካውያን ኤል ዲ ኤላቸው ከሌሎች በ28 በመቶ ያነሰ ሲሆን፣ የልብ ደም ቧንቧ በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ88 በመቶ ዝቅ ብሎ መገኘቱ በ2006 ታትሟል። እነዚህ ሰዎች የተለየ አንቲኦክሲደንት አልተሰጣቸውም፤ ከሌላው የሚለያቸው ከልደት ጀምሮ ደማቸው ውስጥ ያለው ቅንጣት ማነሱ ነው። ስታቲን በተባሉት ኮሌስትሮል ቀናሽ መድኃኒቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩም ኤል ዲ ኤል በ39 ሚሊግራም ገደማ በቀነሰ ቁጥር ሃርት አታክንና ስትሮክን የመሳሰሉ አደጋዎች በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳሉ።

«ብቻ» የምትለዋም ቃል አትጸናም። ኦክሳይድ ሳይሆን እርስ በርሱ ተጣብቆ የተከመረ ኤል ዲ ኤልንም ማክሮፌጅ ይውጠዋል።

«አንቲኦክሲደንት በደም ያለውን ኮሌስትሮል ከኦክሲዴሽን ይጠብቃል»

እዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ስሕተት አለ፤ አንዱ ስለ ምኑነት፣ አንዱ ስለ ቦታው።

በአንድ የኤል ዲ ኤል ቅንጣት ውስጥ ከቅባት አሲድ ጋር የተጣመሩ 1,500 ያህል የኮሌስትሮል ሞለኪውሎች፣ 700 ያህል ፎስፎሊፒዶች፣ ሁሉንም የሚያቅፍ አፖቢ የተባለ አንድ ትልቅ ፕሮቲን አለ። ቫይታሚን ኢ ደግሞ ስድስት ሞለኪውል ገደማ። መጀመሪያ የሚጠቃው ኮሌስትሮሉ ሳይሆን ብዙ ድርብ ትስስር ያላቸው ቅባት አሲዶች ናቸው፤ በሁለት ድርብ ትስስሮች መካከል ያለው ሃይድሮጅን በቀላሉ ይነጠቃል። ሃይድሮጅኑ ሲነጠቅ ኦክስጅን ይገባበታል፤ የተፈጠረው ራዲካል (ኤሌክትሮን የጎደለው ንቁ ሞለኪውል) ከጎረቤቱ ሌላ ሃይድሮጅን ይነጥቃል፤ ነገሩ በሰንሰለት ይቀጥላል። ቫይታሚን ኢ የራሱን ሃይድሮጅን ሰጥቶ ሰንሰለቱን ይበጥሳል። ካልተበጠሰ ቅባቱ እየተሰባበረ አልዴሃይዶች የሚባሉ ንቁ ውህዶች ይወጣሉ፤ እነሱም አፖቢ ላይ ካለው ላይሲን የተባለ አሚኖ አሲድ ጋር ይጣበቃሉ። ያኔ የጉበት ተቀባይ ቅንጣቱን መለየት ያቅተዋል፣ የማክሮፌጅ ተቀባይ ግን ይለየዋል። የማክሮፌጁ ተቀባይ «በቃኝ» አያውቅም፤ ሴሉ በኮሌስትሮል ተሞልቶ አረፋ ሴል የሚባለውን እስኪሆን ድረስ ይውጣል። ኮሌስትሮሉ ራሱ ኦክሳይድ የሚሆነው ዘግይቶ ነው።

ቦታውስ? ደም በዚህ በኩል ደኅና የታጠቀ ነው፤ ቫይታሚን ሲ፣ ዩሪክ አሲድና አልቡሚን አሉበት። በ1989 የታተመ ሥራ እንዳሳየው በፕላዝማ (ፈሳሹ የደም ክፍል) ውስጥ ቫይታሚን ሲ እስካለ ድረስ የሚለካ የቅባት ፐሮክሳይድ (ኦክሳይድ የሆነ ቅባት) አይታይም። ለውጡ የሚከናወነው ከውስጠኛው የሴል ሽፋን ጀርባ፣ ቅንጣቱ ተይዞ በሚቆይበት ግድግዳ ውስጥ ነው። ስለዚህ ጥያቄው የበላነው ነገር ደም ውስጥ ገባ ወይ የሚል ብቻ አይደለም፤ እዚያ ግድግዳ ውስጥ በበቂ መጠን ደረሰ ወይ ነው።

«በላቦራቶሪ ተረጋግጧል፤ የምግቦቹ የኦራክ ቁጥርም ያሳያል»

ኦራክ አንድ ምግብ በላቦራቶሪ ኦክሲዴሽንን የመከላከል አቅሙ የሚገለጽበት ቁጥር ነው። ጽሑፉ ከሁሉ በላይ የተደገፈበት ምሰሶ ይህ ስለሆነ ጠጋ ብለን እናየዋለን።

ላቦራቶሪው የሚያደርገው እንዲህ ነው። ደም ተቀድቶ ኤል ዲ ኤሉ በሴንትሪፊውጅ ከቀረው ፕላዝማ ይለያል፤ ቫይታሚን ሲውም አልቡሚኑም ይቀራሉ። ከዚያ የመዳብ አዮን ይጨመርበትና 234 ናኖሜትር ላይ ብርሃን የመምጠጥ አቅሙ ይለካል። ንባቡ ሽቅብ መተኮስ እስኪጀምር ያለው ደቂቃ «የመዘግየት ጊዜ» ይባላል፤ የዕፅዋት ጭማቂ ሲጨመር ጊዜው ከረዘመ «ኮሌስትሮልን ከኦክሲዴሽን ይከላከላል» ተብሎ ይጻፋል። በ1993 ቀይ ወይን አንድ ሺህ ጊዜ ቀጥኖ እንኳ በዚህ ዘዴ ከቫይታሚን ኢ በልጦ መታየቱ ዝናው የተነሣበት ነው። ሙከራው ለታሰበለት ጥያቄ ጥሩ ነው፤ ሰው ላይ የሚሆነውን ግን አይናገርም። ጠባቂዎቹ የተወሰዱበት፣ ነጻ መዳብ የተጨመረበት ኤል ዲ ኤል በሰው ግድግዳ ውስጥ የለም።

መጠኑም አይገጥምም። ፖሊፌኖሎች (ፍላቮኖይዶችን ጨምሮ በዕፅዋት ውስጥ የሚገኙ አንቲኦክሲደንቶች) አንጀት ግድግዳና ጉበት ውስጥ ሲያልፉ ከግሉኩሮኒክ አሲድና ከሰልፌት ጋር ተጣምረው ይለወጣሉ፤ ብዙው ደግሞ ወደ ትልቁ አንጀት ወርዶ በባክቴሪያ ይሰባበራል። ከተለመደ ምግብ በኋላ በደም ውስጥ የአንዱ ፍላቮኖይድ መጠን አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ማይክሮሞል በሊትር አይበልጥም፤ በሰዓታት ውስጥም ይወጣል። ቫይታሚን ሲ ከ50 እስከ 80፣ ዩሪክ አሲድ ከ200 እስከ 400 ማይክሮሞል በሚገኙበት ደም ውስጥ ይህ ሚዛን አይደፋም።

ጸሐፊው ሰዎች ፖም ከበሉ በኋላ የደም የአንቲኦክሲደንት አቅም መጨመሩን እንደ ማስረጃ አቅርበዋል። ይህ ተመርምሯል። በ2004 የታተመ ጥናት ለሰዎች ፖም፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ ፖሊፌኖል የሌለበት ፍሩክቶስ ብቻ ሰጥቶ ለካ፤ ጭማሪው በሁለቱም ታየ። ምክንያቱ ፍሩክቶስ ጉበት ውስጥ ሲፈጭ ዩሪክ አሲድን ከፍ ማድረጉ ነው። በዚሁ ስሌት ከሄድን ስኳር የበዛበት ለስላሳ መጠጥም «አንቲኦክሲደንት» ሊባል ነው!

ኦራክን በተመለከተ፣ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የኦራክ ሠንጠረዡን በ2012 ከድረ ገጹ አንሥቶታል። ምክንያቱን ራሱ ገልጿል፦ ቁጥሮቹ በሰው ጤና ላይ ያለውን ውጤት አያሳዩም፣ ለምርት ማሻሻጫም ውለዋል። ዛሬ ምግብን በኦራክ ደረጃ መደርደር ባለቤቱ በጣለው ሚዛን መመዘን ነው።

«ምግቡ ካልበቃ የቫይታሚን ኢ እንክብል»

ይህኛው በግምት የሚያዝ ጉዳይ አይደለም፤ በአሥር ሺዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ ተፈትኗል። በ1996 2,002 ሕሙማንን የያዘ የእንግሊዝ ጥናት ጥሩ ምልክት አሳይቶ ነበር፤ ጸሐፊው የጠቀሱት እሱን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ትልልቆቹ ጥናቶች ግን ይህን አላረጋገጡም። በጣሊያን በ1999፣ ከ11,000 በላይ ሰው፣ በቀን 300 ሚሊግራም፦ በዋናው መለኪያ ጥቅም አልታየም። በ2000 «ሆፕ» የተባለው፣ ከ9,500 በላይ ሰው፣ በቀን 400 ዩኒት፣ ለአራት ዓመት ተኩል፦ አልታየም። በ2002 በእንግሊዝ 20,536 ሰው፣ ቫይታሚን ኢ 600 ሚሊግራም ከቫይታሚን ሲ 250 እና ከቤታ ካሮቲን 20 ሚሊግራም ጋር፣ ለአምስት ዓመት፦ የደም ቫይታሚኑ ከፍ አለ፣ አደጋው አልቀነሰም።

ለምን ከሸፈ? አንደኛ፣ ከሰው ቧንቧ የተወሰደ የተደነደነ ቅባት ሲመረመር ኦክሳይድ ከሆነው ቅባት አጠገብ ቫይታሚን ኢ ሳይጎድል ይገኛል፤ ጉድለቱ የእሱ ካልሆነ መጨመሩ አይረዳም። ሁለተኛ፣ ነጭ የደም ሴሎች የሚያመነጩት ሃይፖክሎረስ አሲድ ፕሮቲኑን በቀጥታ ያጠቃል፤ ቫይታሚን ኢ በዚያ ላይ ብዙም አቅም የለውም። ሦስተኛ፣ ሃይድሮጅኑን የሰጠ ቫይታሚን ኢ ራሱ ራዲካል ይሆናል። ቫይታሚን ሲ ወይም ሌላ አጋዥ ካልመለሰው በቅንጣቱ ውስጥ ሰንሰለቱን መልሶ ሊያስጀምር ይችላል።

ጉዳቱም አለ። የሆፕ ተከታይ ክትትል በ2005 የልብ ድካም በቫይታሚን ኢ ወሳጆች ላይ መጨመሩን ዘገበ። በ2011 በቀን 400 ዩኒት የወሰዱ ወንዶች ላይ የፕሮስቴት ካንሰር በ17 በመቶ በዝቶ ታየ። ቤታ ካሮቲን በእንክብል ለአጫሾች ሲሰጥ፣ በፊንላንድ በ1994 የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ጨመረ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በአሜሪካ ከቫይታሚን ኤ ጋር ተሰጥቶ በ28 በመቶ። የደም መርጋትን የሚከላከለውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ከፍተኛ የቫይታሚን ኢ መጠን ቢጨምርበት የመድማት አደጋው ከፍ ይላል። የአዋቂ የቀን ፍላጎት 15 ሚሊግራም ነው፤ 30 ግራም አልመንድ 7 ሚሊግራም ያህሉን ይሰጣል። 400 ዩኒት የተፈጥሮ ቫይታሚን ኢ ግን 268 ሚሊግራም ነው። ይህ ምግብን መደጎም አይባልም።

ጸሐፊው ልክ የሆኑበት

የወይራ ዘይት ከኦክሲዴሽን ይጠብቃል ብለው የጻፉት ትክክል ነው፤ የጎደለው መጠኑ ነው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2011 የወይራ ዘይት ፖሊፌኖል የደም ቅባትን ከኦክሲዴሽን ጫና ለመጠበቅ አስተዋጽኦ እንዳለው ተቀብሏል። መነሻ ከሆኑት ሥራዎች አንዱ በ2006 የታተመው ነው፦ 200 ጤነኛ ወንዶች የፖሊፌኖል መጠናቸው 2.7፣ 164 እና 366 ሚሊግራም በኪሎ የሆኑ ሦስት ዘይቶችን በየተራ፣ እያንዳንዱን ለሦስት ሳምንት፣ በቀን 25 ሚሊሊትር በጥሬው ወሰዱ። ፖሊፌኖሉ በጨመረ ቁጥር በደማቸው ያለው ኦክሳይድ የሆነ ኤል ዲ ኤል ቀነሰ።

የተፈቀደው መስፈርት በ20 ግራም ዘይት ውስጥ ቢያንስ 5 ሚሊግራም ሃይድሮክሲታይሮሶል የተባለው ፖሊፌኖልና ተዋጽኦዎቹ እንዲኖሩ ነው። 20 ግራም አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ ያህል ነው። የተጣራው ዘይት ፖሊፌኖሉን በማጣራት ስለሚያጣ መስፈርቱን አይደርስም፤ «ኤክስትራ ቨርጂን» የሚለውን መፈለግ ያስፈልጋል። እሱም ጥቁር ጠርሙስ ውስጥ ያለ፣ የተመረተበት ቀን የተጻፈበት ቢሆን ይመረጣል። ሲቀመስ መራራነትና ጉሮሮን ቆንጠጥ የማድረግ ስሜት ከሌለው ፖሊፌኖሉ ትንሽ ነው ብሎ መጠርጠር ይቻላል። ከምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ አይገባም። ሌላው የሚዘነጋው ነገር 20 ግራሙ 180 ካሎሪ መሆኑ ነው፤ በቅቤ ምትክ እንጂ በቅቤ ላይ አይጨመርም።

«መብሰል ሁሉን ያጠፋል»

አያጠፋም፤ እንደ ንጥረ ነገሩ ይለያያል።

ቫይታሚን ሲ ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ በሙቀትም ይጎዳል፤ አትክልቱን በብዙ ውሃ ቀቅሎ ውሃውን መድፋት ትልቁ ኪሳራ ነው። በእንፋሎት ለጥቂት ደቂቃ ማብሰል ወይም የተቀቀለበትን ውሃ ለሾርባ ማዋል ይሻላል። ኩዌርሴቲን የተባለው የሽንኩርት ፖሊፌኖል ግን ሙቀት ይችላል፤ ወደ ውሃው ይወጣል እንጂ አይጠፋም። ከሁሉ በላይ የሚገኘው በውጨኛዎቹ ሥጋማ ንብርብሮች ስለሆነ፣ ሲላጥ ከደረቁ ቅርፊት ጋር ሁለት ንብርብር የሚጥል ሰው ዋናውን እየጣለ ነው።

ቲማቲም በተቃራኒው ሲበስል ይሻላል። ቀይ ቀለሙን የሚሰጠው ላይኮፒን በሴሉ ውስጥ ታስሮ ይገኛል፤ መከተፍና ማብሰል ይፈታዋል፣ ዘይት ደግሞ አንጀት እንዲወስደው ያደርጋል። ቅባት የሌለበት ሰላጣ ሲበላ ካሮቲኖይዶቹ (እንደ ላይኮፒንና ቤታ ካሮቲን ያሉት) ወደ ደም የሚገቡት በጣም በጥቂቱ ነው። ጥሬ ሰላጣ የሚመርጥ ሰው አንድ ማንኪያ ዘይት ወይም ጥቂት አልመንድ ይጨምርበት።

ነጭ ሽንኩርት ውስጥ አሊሲን የተባለው ንጥረ ነገር ተዘጋጅቶ አይቀመጥም፤ ሲፈጭ ወይም ሲቀጠቀጥ አሊኔዝ የተባለ ኢንዛይም ይሠራዋል። ሙቀት ኢንዛይሙን ይገድለዋል። ስለዚህ ቀጥቅጦ 10 ደቂቃ ያህል ማቆየት፣ ከዚያ እሳት ላይ ማድረግ። ሙሉውን ፍሬ ዘይት ውስጥ የጣለ ሰው የሚያገኘው ጣዕሙን ነው።

ጽሑፉ ጭራሽ ያልነካው አደጋ ደግሞ ኦክሳይድ ሆኖ የሚበላው ቅባት ነው። ዘይት ተደጋግሞ ሲሞቅ ቫይታሚን ኢው ያልቃል፣ ፐሮክሳይድና አልዴሃይድ ይበዛሉ፤ ከምግብ የመጣ ኦክሳይድ የሆነ ቅባትም በአንጀት በኩል አልፎ ቅባት ተሸካሚ ቅንጣቶች ውስጥ ይገባል። የጠቆረ፣ አረፋ የሚያበዛ፣ ከበፊቱ ቀድሞ የሚጨስ ዘይት መደፋት አለበት። ተልባ ሙሉውን ሲዋጥ ሳይፈጭ ይወጣል፣ ተፈጭቶ ሲቆይ ደግሞ ይሻግታል፤ ለሳምንት የሚበቃውን ብቻ ፈጭቶ በማቀዝቀዣ መያዝ ነው። ዋልነትና አልመንድም እንዲሁ፦ ቀለም ቀለም የሚል ሽታ ካመጡ ጊዜያቸው አልፏል።

«ጭማቂው ይበልጣል»

ጭማቂ የሚጥለው ገለባ ነው፤ ኤል ዲ ኤልን የሚቀንሰው ደግሞ ገለባው ነው። የዕፅዋት ምግብ ዋናው መንገድ እዚህ ነው ያለው። ከገለባው ውስጥ በውሃ የሚሟሟው አሰር (ፋይበር) አንጀት ውስጥ እንደ ሙጫ ሆኖ የሐሞት አሲድን ይዞ ይወጣል፤ ጉበት አዲስ ሐሞት ለመሥራት ኮሌስትሮል ስለሚያስፈልገው ከደም ኤል ዲ ኤልን ይስባል። 75 ግራም ደረቅ አጃ 3 ግራም ያህል ቤታ ግሉካን የተባለ የሚሟሟ አሰር ይሰጣል፤ ይህ በየቀኑ ሲበላ ኤል ዲ ኤልን በ5 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በቀን 130 ግራም የበሰለ ጥራጥሬም ተመሳሳይ ነው። የዕፅዋት ስቴሮል (ኮሌስትሮልን የሚመስል የዕፅዋት ቅባት) 2 ግራም ከ8 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል፤ ከተለመደ ምግብ የሚገኘው ግን ግማሽ ግራም እንኳ ስለማይሞላ የተጨመረበት ምግብ ያስፈልጋል። አሰርን በአንድ ጊዜ ማብዛት ሆድ ይነፋል፤ በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ፣ ከበቂ ውሃ ጋር ይጨመር።

እነዚህ ሲደመሩ የት ይደርሳሉ? በ2003 ቶሮንቶ ውስጥ አሰር፣ የአኩሪ አተር ፕሮቲን፣ አልመንድና የዕፅዋት ስቴሮል ያጣመረ አመጋገብ በአራት ሳምንት ኤል ዲ ኤልን በ28.6 በመቶ ቀነሰ፤ ሎቫስታቲን የተባለውን ስታቲን 20 ሚሊግራም የወሰዱት 30.9 በመቶ ቀነሰላቸው። ያ ግን ምግቡ ተዘጋጅቶ ሲሰጥ ነው። በ2011 ሰዎች ምክር ብቻ ተቀብለው ራሳቸው ገዝተው ሲበሉ፣ በስድስት ወር ቅነሳው ከ13 እስከ 14 በመቶ ሆነ። ሁለቱም ያለ አንድ የቫይታሚን ኢ እንክብል የተገኙ ናቸው።

«መድኃኒቱን ማቆም ይቻላል»

ሒሳቡን እንሥራ። ኤል ዲ ኤሉ 190 የሆነ ሰው በ14 በመቶ ቢቀንስ 163 ይደርሳል፤ እንደ ቶሮንቶው ቢሳካለት 136። ሃርት አታክ ያገኘው ሰው ከሆነ የ2019 የአውሮፓ መመሪያ የሚጠይቀው ከ55 በታች ነው። ልዩነቱን ምንም ዓይነት ቅጠል አይሞላውም። በሌላ በኩል ኤል ዲ ኤሉ 135 የሆነ፣ ሌላ አደጋ የሌለበት ሰው በምግብ ብቻ ጥሩ ቦታ ሊደርስ ይችላል። ቁጥሩን ሳይለኩ ሁለቱን መለየት አይቻልም፤ ቁጥሩን ናቁት የሚለው ምክር ከሁሉ የከፋው ለዚህ ነው።

ስታቲን የሚወስድ ሰው ምግቡን ሲለውጥ ሊጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮችም አሉ። ግሬፕፍሩት ሲምቫስታቲንና አቶርቫስታቲን በደም ውስጥ እንዲበዙ ስለሚያደርግ የጡንቻ ጉዳት አደጋን ይጨምራል። እንደ ሲሊየም ያለ የአሰር ዱቄት መድኃኒት ይዞ ስለሚያስቀር በሁለት ሰዓት ይራራቁ። ዋርፋሪን ላይ ያለ ሰው አረንጓዴ ቅጠልን አይተው፤ ቫይታሚን ኬው ደሙን እንዳያወዛውዝበት ግን መጠኑን ከሳምንት ሳምንት አንድ ዓይነት ያድርግ። አመጋገቡን ከለወጠ ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ኤል ዲ ኤሉን ያስለካ፤ መድኃኒቱ ይቀነስ አይቀነስ የሚለውን ሐኪሙ የሚወስነው ያ ውጤት በእጁ ሲገባ ነው።